ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ነው፤ ሌብነቱን የት ልፈልገው?

ጥያቄ፦ «በአንድ ከተማ አስተዳደር ሥር ባለ ጽሕፈት ቤት የውስጥ ኦዲተር ነኝ። የሦስት ዓመት የግዥ፣ የደመወዝና የውሎ አበል ክፍያ በኤክሴል አለኝ። ሁሉም ሰው ‹እዚህ ቤት ይበላል› ይላል። ፋይሉን ስከፍት ግን ፕሮፎርማው ሦስት ነው፣ ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል፣ ደረሰኙ ተያይዟል። አንድም ግኝት የለኝም። ዳታ ሙስናን ያጋልጣል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? ከየት ልጀምር? ከኤክሴል ሌላ ፕሮግራም አላውቅም። ደግሞስ አንድ ነገር ባገኝ ምን ይሻለኛል? የልጆች እናት ነኝ።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ እውነት ነው። ኤክሴልም ይበቃሻል። ሶፍትዌር ይገዛልኝ ብለሽ ጊዜሽን አታቃጥዪ።

መጀመሪያ ለምን ግኝት እንዳጣሽ ልንገርሽ። የአንቺ ድክመት አይደለም። አንቺ አንድ ፋይል ከፍተሽ መሟላቱን ታያለሽ። የሚሰርቀው ሰውም ፋይሉን ያዘጋጀው አንቺ እንደምትከፍቺው አውቆ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ እንደምትጠይቂ ያውቃል፤ ሦስት ያመጣል። ሞዴል 19 (ዕቃ መጋዘን መግባቱን የሚያሳየውን ደረሰኝ) እንደምትፈልጊ ያውቃል፤ ያስቆርጣል። ፋይሉ ለብቻው ሲታይ ንጹሕ እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው። በዚህ መንገድ ሺህ ፋይል ብትከፍቺ ሺህ ንጹሕ ፋይል ነው የምታገኚው።

ዳታ የሚጠቅምሽ በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሦስቱን ዓመት ባንድ ላይ ያሳይሻል። ሁለተኛው ግን ከዚህም ይበልጣል። አንድ ሰው የሞላውን ዝርዝር፣ ሌላ ሰው ለሌላ ጉዳይ ከሞላው ዝርዝር ጎን ያስቀምጥልሻል። የሚሰርቅ ሰው የራሱን ወረቀት ማሳመር አያቅተውም። ባንኩ የያዘውን፣ ስምሪት ክፍሉ የመዘገበውን፣ የሰው ሀብት አስተዳደር የፈቃድ መዝገብ ላይ ያለውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ማሳመር ግን ይከብደዋል። እዚህ የምጽፍልሽ ሁሉ የዚህ አንድ ሐሳብ ዝርዝር ነው።

የኮንዶሚኒየሙን ጉዳይ ታስታውሻለሽ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 አዲስ አበባ ላይ የ20/80 እና የ40/60 ቤቶች እጣ ወጣ። ከ25 ሺህ በላይ ቤት ነበር። በቀናት ውስጥ እጣው ተሰረዘ፤ ተጠርጥረው የታሰሩም ነበሩ። ምን ተገኘ? የቁጠባ መስፈርቱን ያላሟሉ ሰዎች ስም ወደ እጣው ሥርዓት ገብቶ ነበር። ማን ስንት እንደቆጠበ የሚያውቀው ባንኩ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ዝርዝር ደግሞ ሌላ ሆነ። ሁለቱ አልገጠሙም። እጣው በ2015 እንደገና ወጣ። ያ ማመሳከር ከእጣው በፊት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ፣ ቤት ደረሰኝ ብሎ እልል ያለ ሰው ከጥቂት ቀን በኋላ ባላለቀሰ ነበር። ይህን የምልሽ ሥራው ከባድ ሳይንስ አለመሆኑን እንድታዪ ነው። ሁለት ዝርዝር ነው፤ በጊዜው ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው አልነበረም።

ኡጋንዳ ውስጥም እንዲሁ ሆኗል። መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ገንዘብ ይልክ ነበር። አጥኚዎች ሚኒስቴሩ «ላክሁ» ያለውን መዝገብ ይዘው ወደ 250 ትምህርት ቤቶች ሄዱ፤ «ደረሰን» ካሉት ጋር አስተያዩት። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ከተላከው ገንዘብ ትምህርት ቤት የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ ነበር። የቀረው በመሃል ባሉ የአካባቢ አስተዳደሮች እጅ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ መንግሥቱ የላከውን በየወሩ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን እንዲለጥፉ ታዘዙ። እ.ኤ.አ. በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ለውጡን ያመጣው ጋዜጣው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ በዚያው ጊዜ ሌሎች ማሻሻያዎችም ነበሩ። ችግሩን ያወጣው ግን ማመሳከሩ ነው። ሚኒስቴሩ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ሰነድ የሚያገላብጥ ኦዲተር «ገንዘቡ ተልኳል፣ ሰነዱ ተሟልቷል» ብሎ ይፈርም ነበር። እውነቱንም ነው፤ ተልኳል።

አሁን ወደ አንቺ ኤክሴል። መጀመሪያ ላይ ምንም አትፈልጊ፤ አጽጂ ብቻ። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና ኋላ የሌለ ሌባ ያገኛል፣ ያለውን ደግሞ ያሳልፋል። ዋናውን ፋይል አንድ ቦታ አስቀምጪና አትንኪው። ሥራሽን ቅጂው ላይ ሥሪ።

ቀኑን እዪ። አንዱ ጸሐፊ በእኛ አቆጣጠር 2015 ይላል፤ ሌላው ደረሰኙ ላይ እንዳለው 2023 ይላል። ኤክሴል ደግሞ የእኛን ወር አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/02 ብለሽ ብታስገቢ፣ በፈረንጁ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ስትደረድሪ ከቦታው ይጠፋል። ጳጉሜንማ ተዪው። ስለዚህ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ አምዶች አስቀምጪ።

ቁጥሮቹንም እንዲሁ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር 10 አሃዝ ነው። ብዙዎቹ በዜሮ ይጀምራሉ፤ ኤክሴል እነዚያን ዜሮዎች ይበላቸዋል። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሲረዝም ደግሞ አሳጥሮ 1E+12 ብሎ ያሳይሻል፤ አንድ ሰው በዚያ መልክ ከገለበጠው ቁጥሩ የለም ማለት ነው። አምዱን ቁጥር ከመጻፍሽ በፊት ወደ ጽሑፍ ቀይሪው። የዋጋ አምዱ ላይ ደግሞ አንዱ ከቫት ጋር፣ ሌላው ያለ ቫት ሞልቶት ይሆናል። ያ 15 በመቶ ልዩነት ሌብነት መስሎ እንዳያሳስትሽ።

ከሁሉ የሚያደክመው ስም ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለእኔና ለአንቺ አንድ ሰው ነው። ለኤክሴል ሦስት ሰው ነው። ሠናይትና ሰናይት፣ ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሃይ እንደዚሁ። አጠገቡ አንድ ረዳት አምድ ክፈቺና ሐ፣ ኀ እና ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ለውጪ፤ የሌሎቹንም ድምፆች እንዲሁ። «አግኝና ተካ» የሚለው ትእዛዝ ይበቃል። በዋናው የስም አምድ ላይ ግን አታድርጊው፤ የሰው ስም በሰነድ ላይ እንዳለ መቆየት አለበት። የድርጅት ስም ላይ ከዚህም ይብሳል። አንዱ «ኃላ.የተ.የግ.ማ.» ይላል፣ ሌላው በእዝባር ይጽፈዋል፣ ሦስተኛው ጭራሽ ይተወዋል። አቅራቢን በስሙ ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ ያዢው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በብዙ አገር የግዥ ኃላፊውና አቅራቢው ዘመድ መሆናቸውን ከቤተሰብ ስም ይጠረጥራሉ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አባታቸው ተስፋዬ የሚባል ሁለት ሰዎች ወንድማማች ናቸው ማለት አይደለም። ሚስትም የባሏን ስም አትይዝም። ስለዚህ በስም መመሳሰል ተነስተሽ ዝምድና ብለሽ አንድም መስመር አትጻፊ። ሥልጣኑ ያለው አካል የንግድ ምዝገባውን፣ የባለቤቶቹን ዝርዝርና በሀብት ምዝገባ የቀረበውን አስተያይቶ ይለየዋል።

ማጽዳቱ ካለቀ ከደመወዝ ጀምሪ። ምክንያቴ ቀላል ነው። ፈጣን ነው፤ መልሱም ብዙ ክርክር የለበትም። ሦስት ዝርዝር ያስፈልግሻል፦ ፋይናንስ የሚከፍልበት ፔይሮል፣ የሰው ሀብት የያዘው የሠራተኞች ዝርዝር፣ እና ባንኩ ገንዘብ ያስገባባቸው ሒሳቦች ከነባለቤቶቻቸው ስም። ፔይሮል ላይ ኖሮ የሰው ሀብት ዝርዝር ላይ የሌለ አለ? አንድ የባንክ ሒሳብ ሁለት ስም ላይ ይደገማል? ጡረታ ወጥቶ፣ ለቆ፣ ወይም ነፍሱን ይማረውና አርፎ ደመወዙ የቀጠለ አለ? ናይጄሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ሠራተኞችን ፔይሮል ከባንክ መለያ ቁጥራቸው ጋር ስታመሳክር ወደ 24 ሺህ የሚጠጋ ስም ከዝርዝሩ አወጣች። ታንዛኒያም በዚያው ዓመት ከ10 ሺህ በላይ ስም ሰርዛለች። እናንተ ጋ ሁለት ወይም ሦስት ይሆናል፤ ምንም ላይኖርም ይችላል። ምንም ካልተገኘ ያም ውጤት ነው፤ ጻፊው።

ውሎ አበልና ነዳጅ ላይ ዘና ብለሽ ቆዪ። በእኔ እምነት በጽሕፈት ቤት ደረጃ ከግዥ ይልቅ እዚህ ነው ብዙ የሚፈሰው፤ መጠኑ ትንሽ ትንሽ ስለሆነ ማንም አያየውም። አንድ ሰው መጋቢት 12 ቀን ለመስክ ሥራ አዳማ ነበርኩ ብሎ አበል ተከፍሎታል እንበል። በዚያው ቀን ቢሮ ውስጥ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ፈርሟል። ወይም የዓመት ፈቃድ ላይ ነው። ወይም በሁለት ክፍያ ማዘዣ ለሁለት ከተማ አበል ወስዷል። እያንዳንዱን የአበል ቀን በአንድ መስመር ዘርግተሽ ከፈቃድ መዝገብ፣ ከሰዓት ፊርማና ከቃለ ጉባኤ ጋር አስተያዪው። ነዳጅ ላይ ደግሞ የሞላውን ሊትር ከመኪናው ታንክ ጋር አስተያዪ። የሃይሉክስ ታንክ 80 ሊትር አካባቢ ይይዛል፤ በአንድ ቀን 140 ሊትር ከተቀዳለት ጥያቄ አለ። ጋራዥ የገባበትን ደረሰኝ አውጪና በእነዚያ ቀናት ነዳጅ ቀድቶ እንደሆነ እዪ። የኪሎ ሜትር ንባቡ ወደ ኋላ የሄደበት ቦታ ካለ ምልክት አድርጊበት። ጋራዡ ስለ ነዳጁ አያውቅም። ቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋም ስለ አበሉ አታውቅም። ስለዚህ ነው እውነቱን የሚነግሩሽ።

ወደ ግዥ እንምጣ። የእናንተ ኤክሴል ላይ ያለው ያሸነፈው አቅራቢና የተከፈለው ገንዘብ ነው፤ አይደል? በሁሉም ቤት እንዲያ ነው። ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው። የግዥ ሌብነት አሻራ ያለው ተሸናፊዎቹ ላይ ነው። ፋይሎቹን አውጪና ለእያንዳንዱ ግዥ የተሸናፊዎቹን ስም፣ መለያ ቁጥር፣ ስልክ፣ ፕሮፎርማው የተጻፈበትን ቀንና ያቀረቡትን ዋጋ አስገቢ። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። በሥራው ሁሉ ውስጥ ግን ይህን የሚተካ የለም።

ከገባልሽ በኋላ ደርድሪው። ሦስት ዓመት ሙሉ እየተጫረተ አንድ ጊዜም ያላሸነፈ ድርጅት አለ? ነጋዴ በየሳምንቱ ለመሸነፍ አይደክምም። ሦስቱ ድርጅቶች ሁልጊዜ አብረው ይመጣሉ? ተራ በተራ ያሸንፋሉ? ሁለት ተፎካካሪዎች አንድ ስልክ አላቸው? የሁለተኛው ዋጋ በየዕቃው ከአሸናፊው ልክ 5 በመቶ፣ የሦስተኛው ልክ 8 በመቶ ይበልጣል? በእውነት የሚፎካከር ሰው ዋጋ እንደዚያ ተሰልፎ አይሄድም፤ አንዱ ዕቃ ላይ ይረክሳል፣ ሌላው ላይ ይወደዳል። የሦስቱ ፕሮፎርማ ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት ካየሽ ደግሞ አንድ ሰው ነው የተየባቸው ብለሽ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለሽ።

ቀጥሎ የመመሪያውን ጣሪያ እዪ። በፕሮፎርማ ለመግዛት፣ በቀጥታ ለመግዛት የሚፈቀደው የገንዘብ ልክ በየክልሉ ይለያያል፣ በየጊዜውም ይሻሻላል። ስለዚህ ግዥው በተፈጸመበት ቀን ይሠራ የነበረውን መመሪያ ያዢ። ክፍያዎቹን በመጠን ደርድሪና ከጣሪያው ትንሽ ዝቅ ብለው የተከማቹትን ቁጠሪ። ከዚያ አንድ ዕቃ፣ ካንድ አቅራቢ፣ በተቀራራቢ ቀን ተከፋፍሎ የተገዛበትን ፈልጊ። ይህ «ግዥ መከፋፈል» ነው፤ በመመሪያም የተከለከለ ነው። የምታገኚው ነገር የሕግ ጥሰት ስለሆነ ሌብነት መሆኑን ማረጋገጥ ሳያስፈልግሽ ግኝት ይሆንልሻል።

የሰኔ ነገር። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በጀት ተመላሽ እንዳይሆን ግንቦትና ሰኔ ላይ ይገዛል፣ ይሠለጠናል፣ ወንበር ይቀየራል። የሰኔ ክፍያ መብዛቱ ብቻውን ሙስና አይደለም፤ የበጀት አሠራራችን የወለደው ነው። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው። ሰኔ ላይ ሞዴል 19 የተቆረጠለት ዕቃ በሞዴል 22 ከመጋዘን የወጣው መቼ ነው? ጭራሽ ያልወጣ ካለ መጋዘን ሂጂና ቁጠሪው። ሳይመጣ «ገቢ ሆኗል» ተብሎ የተፈረመለት ዕቃ በብዛት የሚገኘው እዚህ ነው።

ዋጋ ስታስተያዪ ተጠንቀቂ። አንድ ቶነር አምና በስንት፣ ዘንድሮ በስንት ተገዛ ብለሽ ብትጠይቂ መልሱ ያስደነግጥሻል፤ ምክንያቱ ግን ኑሮው ሊሆን ይችላል። በተለይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊትና በኋላ ያለውን አታቀላቅዪ። በዚያ ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነው። ፍትሐዊው ንጽጽር በአንድ ወር፣ በአንድ ከተማ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ ሁለት መሥሪያ ቤት በስንት ገዛው የሚለው ነው። የጎረቤት ጽሕፈት ቤት ኦዲተር ጓደኛ ካለሽ በደብዳቤ ተጠያየቁ።

ስለ ቤንፎርድ ሕግ ሰምተሽ ይሆናል። በተፈጥሮ በሚከማቹ ብዙ ቁጥሮች ውስጥ በ1 የሚጀምሩት 30 በመቶ ገደማ፣ በ9 የሚጀምሩት ግን 5 በመቶ እንኳ አይሞሉም ይላል፤ የተፈበረከ ቁጥር ከዚያ ይርቃል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለአንቺ ግን አሁን አይሆንም። መስመሮችሽ ጥቂት ናቸው። የአበል ተመኑና የመመሪያው ጣሪያ ራሳቸው ቁጥሩን ያዛቡታል።

አሁን ልብ ብለሽ የምትሰሚኝ ቦታ ነው። ከላይ ያልኩሽ ሁሉ የሚሰጥሽ ጥያቄ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። በትንሽ ከተማ ጄኔሬተር የሚጠግን አንድ ሰው ብቻ ሊኖር ይችላል፤ ሁልጊዜ እሱ ቢያሸንፍ አትገረሚ። ባልና ሚስት ባንድ ሒሳብ ደመወዝ ሊቀበሉ ይችላሉ። ቃለ ጉባኤው በሌላ ቀን ተፈርሞ ቀኑ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ግኝት አጠገቡ አንድ አምድ ክፈቺና «ንጹሕ ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?» ብለሽ ጻፊ። ያንን ምክንያት በሰነድ ማፍረስ ካልቻልሽ ግኝቱን ያዢው እንጂ አታውጪው። የንጹሕ ሰው ስም አንዴ ከተነሳ በቢሮ ኮሪደር ላይ መመለሻ የለውም።

ሌላም አደጋ አለ። ዳታውን የሰጠሽ ሰው ማን ነው? የአንድ ክፍል ፋይል ብቻ በፍጥነት ከመጣልሽ፣ የሌላው ክፍል ግን «ይፈለጋል» እየተባለ ከቆየ፣ አንድ ሰው በአንቺ እጅ ሌላውን መምታት ፈልጎ ይሆናል። በዚህ ላይ ብራዚሎች ያደረጉት ነገር ደስ ይለኛል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፌዴራል ኦዲት የሚደረግባቸውን ማዘጋጃ ቤቶች በአደባባይ እጣ ያወጡ ነበር፤ በብሔራዊ ሎተሪው ዕቃ። ውጤቱም ለሕዝብ ይወጣ ነበር። ማንም ከንቲባ «እኔን ለይተው ነው» ማለት አልቻለም። አንቺም እንዲያ አድርጊ። አንዱን ፈተና በሁሉም ክፍል ላይ እኩል አካሂጂ። ፋይል ለይተሽ የምታዪ ከሆነ እጣው የወጣበትን መንገድ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

«እኛ ጋ ሥርዓቱ ኮምፒውተራይዝድ ነው፣ አይነካም» የሚልሽም ይኖራል። ማላዊ በ2013 እ.ኤ.አ. ዘመናዊ የፋይናንስ ሥርዓት ነበራት። ሠራተኞቹ ምንም ላላቀረቡ ድርጅቶች ክፍያ ያሳልፉና መዝገቡን ከሥርዓቱ ይሰርዙት ነበር። በስድስት ወር ገደማ ውስጥ ወደ 32 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። ከኮምፒውተሩ የተሰረዘው ግን ከባንኩ አልተሰረዘም። ስለዚህ የባንክ ማስታረቂያ የሚባለውን በየወሩ መሠራቱን ብቻ አታረጋግጪ፤ ስቴትመንቱን ራስሽ ከባንኩ በደብዳቤ ጠይቂ። በካሸሩ በኩል ተገልብጦ የመጣ ስቴትመንት ሁለተኛ ዝርዝር አይደለም። የመጀመሪያው ዝርዝር ቅጂ ነው።

ስለ ግልጽነት ብዙ ይባላል፤ እኔ የምወደው ምሳሌ ፕሮዞሮ የሚባለው የዩክሬን የኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፣ ከኦገስት 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመንግሥት ገዢዎች ሁሉ ግዴታ ሆነ። ጨረታው ካለቀ በኋላ የተሸናፊዎቹ ሰነድና ዋጋ ጭምር ለማንም ይታያል። አየሽ፣ አንቺ ከፋይል እየለቀምሽ የምታስገቢውን ዓምድ እነሱ ለሕዝብ ከፍተውታል። ሌላ ድረ ገጽ ደግሞ ዜጎችና ነጋዴዎች በእያንዳንዱ ጨረታ ላይ ቅሬታ የሚያቀርቡበት ሆነ። እኛም አገር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ወደ ኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት ገብተዋል። ትልቅ እርምጃ ነው፤ የሚቀርበው ዋጋና ሰዓቱ ሳይሠረዝ ይቀመጣል። ግን ሥርዓቱ የማያየው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ የቴክኒክ መስፈርቱ ለአንድ አቅራቢ ተለክቶ ሲጻፍ ነው። ይህን ለማየት ስንት ሰው ሰነድ እንደገዛና ስንቱ እንደተጫረተ ቁጠሪ፤ 14 ሰው ገዝቶ አንድ ብቻ ካስገባ ሌሎቹን ደውለሽ ለምን እንደተዉት ጠይቂ። ሁለተኛው፣ ዕቃው ሲመጣ የተባለው ዕቃ መሆኑ ነው።

ለዚህ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከ600 በላይ መንደሮች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። መንደሮቹ የራሳቸውን መንገድ ይሠሩ ነበር። ወረቀቱ ላይ ይህን ያህል ጠጠር፣ ይህን ያህል አሸዋ ይላል። መሐንዲሶች መንገዱን ቆፍረው ናሙና አወጡና የገባውን ዕቃ ለኩ። በወረቀቱና በመሬቱ መካከል ያለው ልዩነት የጠፋው ገንዘብ ነው። ኦዲት እንደሚመጣ አስቀድሞ በተነገራቸው መንደሮች የጠፋው መጠን በ8 መቶኛ ነጥብ ቀነሰ። መሬቱ ራሱ ሁለተኛ ዝርዝር ነው። ስለዚህ ከወንበርሽ ተነሺ። የኮብልስቶኑን ሜትር ለኪ፤ ወንበሩን ቁጠሪ፤ የላፕቶፑን መለያ ቁጥር ከደረሰኙ ጋር አገናኚ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ከሁሉም ይከብዳል። ልጆች አሉኝ ብለሻል፤ በዚያ ላይ ማንም ጀግና ሁኚ ሊልሽ አይገባም። የምመክርሽ ሥራሽን ከመመሪያው ሳትወጪ፣ በወረቀት ላይ ጠንካራ አድርገሽ እንድትሠሪ ነው። የምታመሳክሪውን ሁሉ በዓመታዊ የኦዲት ዕቅድሽ ውስጥ አስገቢና አጸድቂው። ዳታ ስትጠይቂ በቃል አይሁን፤ ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ወጪ ይሁን፣ ቁጥርና ቀን ይኑረው። ሪፖርትሽ ላይ «ተሰርቋል» የሚል ቃል አይኑር። «በመዝገብ ሀ እና በመዝገብ ለ መካከል ይህን ያህል ብር ልዩነት አለ፤ ማብራሪያ ይቅረብ» በይ። ማብራሪያ የሚሰጠው ክፍል ምላሹን በጽሑፍ ያምጣ። ሪፖርቱ ለበላይ ኃላፊው ሲሄድ፣ መመሪያችሁ በሚፈቅደው መሠረት ግልባጩ ለፋይናንስ መሥሪያ ቤቱም ይድረስ። ሁለት ቦታ የደረሰ ወረቀት ለመቅበር ያስቸግራል።

ፋይሉን በግል ፍላሽ ይዘሽ አትዙሪ፤ በቴሌግራም ለጓደኛ አትላኪ። የደመወዝ ዝርዝር የሰዎች የግል መረጃ ነው። ከ2016 ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም አለን። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን አንድ የሾለከ ፋይል ሌቦቹን ከሳሽ ያደርጋቸዋል። ነገሩ ከልዩነት አልፎ የወንጀል መልክ ካለውና የበላይሽ ራሱ ካለበት፣ በውስጥ መንገድ አትግፊው። የፀረ ሙስና ኮሚሽን ጥቆማ ይቀበላል። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ከመጠቆምሽ በፊት አንብቢው፣ የምታውቂውን የሕግ ባለሙያም አማክሪ። ጥበቃው ለየትኛው ወንጀልና በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ ከወዲሁ ማወቅ ይሻላል።

ከየት ልጀምር ላልሽው፦ በዚህ ሳምንት ፔይሮሉን ያዢ። ስም፣ የሠራተኛ መለያ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የተጣራ ክፍያ። አራት አምድ ይበቃል። የሒሳብ ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ ቀይሪ፣ የተደገመው ላይ ምልክት አድርጊ፣ ከሰው ሀብት ዝርዝሩ ጋር አገናኚው። የሚቀጥለው ወር የአበሉ ይሁን። የተሸናፊዎቹን ፕሮፎርማ በየቀኑ ጥቂት ፋይል እያልሽ አስገቢ፤ ሰኔ ከመድረሱ በፊት ቢያልቅ ጥሩ ነው። ኤክሴሉ ላይ ከተቸገርሽ የአምዶቹን ርዕስ ብቻ ጽፈሽ ላኪልኝ። ቁጥሩንና ስሙን አትላኪ፤ ያለ እሱም ላግዝሽ እችላለሁ።